መኪናዋ ስትጠፋ አጠገቧ የነበረው ማን ነው?

በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንጨዋወተው ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ልጆችና ስለ ባልና ሚስት መግባባት ነው። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሦስቱንም በአንዴ የሚነካ ነው። አሮጌ መኪና ያላችሁ ቤተሰቦች ምን ለማለት እንደ ፈለግሁ ወዲያው ይገባችኋል። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ፣ እሑድ ከጉባኤ ስትወጡ በግቢው ውስጥ የቆመች ቮልስ ወይም ላዳ ገፍታችሁ ስለምታውቁ ነገሩ አይመለከተንም አትሉም።

ትዕይንቱን ታውቁታላችሁ። አባወራው ቁልፍ ያዞራል፤ ሞተሩ እር እር ይላል እንጂ አይነሳም። ባለቤቱ ሕፃኑን ታቅፋ ከጎኑ ተቀምጣለች። ከመዘምራኑ አንዱ ጠጋ ብሎ “ባትሪ ነው” ይላል። ሌላው “የለም፣ ቤንዚን አልደረሳትም” ይላል። ሦስተኛው ማንም ሳይጠይቀው የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ያገኘውን ሽቦ ሁሉ ነቅነቅ ያደርጋል። በመጨረሻ የክት ልብሳቸውን የለበሱ ስድስት ሰዎች ይገፏትና ትነሳለች፤ ሁሉም አጨብጭቦ ይበተናል። ምን ሆና እንደ ነበረ ግን ማንም አላወቀም። ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ልታደርስ ስትል ያው ነገር ይደገማል።

በአገራችን አሮጌ መኪና መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም የምናያቸው አብዛኞቹ ግን ከዚያ እጅግ የቀደሙ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ ናቸው። ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተቀዳችው ላዳም ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንት ቤተሰብ እንዳሳደረች የምታውቁት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት እጅግ እንዲወደድ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ በእጃችን ያለችውን ማኖር ግድ ሆነ ማለት ነው። ለማኖር ደግሞ ሕመሟን ማወቅ ያስፈልጋል።

እኔ ይህን የተማርሁት በብዙ ኪሳራ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እኔና ባለቤቴ አሶሳ እንኖር ነበር። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ ሞቅ የምትል ከተማ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ይበረታል። አንዲት ቮልስ ነበረችን። በዚያ በጋ አንድ አመል አወጣች፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳች በኋላ ድንገት ትጠፋለች። ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ከቆመች ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሳለች።

ወደ ጋራዥ ወሰድኋት። የቤንዚን ፖምፓው ነው ተባልሁ፤ ተቀየረ። በሳምንቱ ጠፋች። ኮይሉ ሞቶ ነው ተባልሁ፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣሁ። አሁንም ጠፋች። ካርቡሬተሩ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተገጠመ። በዚያው ማግስት ጠፋች። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ ብትሉ፣ የባለቤቴ እቁብ በየካቲት ወጥቶላት ነበር። ክረምት ሳይገባ የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ ልናስቀይርበት ተስማምተን ያስቀመጥነው ነው። አንድ ቀን ማታ ሒሳቡን ስነግራት ድምፅዋን ሳታሰማ ቆየችና “እንግዲህ ቆርቆሮዬን ካርቡሬተር አደረግኸው” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ መነጋገር አቆምን። በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር “አይነሳም” ሲባል ምን እንደሚመስል ባለትዳር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

መካኒኮቹን ልወቅስ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነበር። መኪናዋን ጋራዥ የምወስዳት ሁልጊዜ ከተነሳች በኋላ ነው። እነርሱ ጤነኛ መኪና እየፈተሹ በግምት ይናገራሉ፤ እኔም በግምት እከፍላለሁ። ስትጠፋ አጠገቧ የነበርነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን፤ እኛ ደግሞ ምን ማየት እንዳለብን አናውቅም።

በዚህ መካከል አንድ ቅዳሜ ወደ ባምባሲ ስንሄድ እንደ ልማዷ ጠፋች። ከመንዲ በኩል የሚመጣ አንድ የጭነት መኪና አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ቮልስ ነድተዋል። የመጣብንን ሁሉ፣ የቀየርነውንም ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኋቸው። እርሳቸው ግን ወደ ባለቤቴ ዞር ብለው “እስቲ አንቺ ንገሪኝ ልጄ፣ ስትጠፋ እንዴት ነው የምትጠፋው?” አሏት። ባለቤቴም “እንደ መብራት ነው ጋሼ። ቁልፉን እንደ ዘጉት ቀጥ ነው የምትለው። አታስልም፣ አትንገጫገጭም” አለቻቸው። እርሳቸውም “እንግዲያው ቤንዚኑን ተዉት፤ እሳቱን እንፈልግ” አሉ።

በሦስት ወር ያልተገኘው ነገር የተገኘው በዚህ ጥያቄ ነው። ቤንዚን ሲያጥር ሞተር ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው፤ ያስለዋል፣ ይንገጫገጫል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ ከዚያ ይጠፋል። እሳት ሲቋረጥ ግን በአብዛኛው ባንዴ ነው። ይህ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ሆኖም ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

አሁን እሳቱ የሚሄድበትን መንገድ ላስረዳችሁ፤ መንገዱን ያወቀ ሰው የቱ ጋ እንደ ተቋረጠ መፈለግ አያቅተውም። አሮጌዎቹ ቮልስ፣ ላዳና ቶዮታ በዚህ ነገር አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ያበጀውና እ.ኤ.አ. በ1910 በካዲላክ መኪና ላይ የወጣው አሠራር ነው፤ ከስልሳና ሰባ ዓመት በላይ ዓለም ሁሉ ተገልግሎበታል። የባትሪው 12 ቮልት በቁልፉ ኳድሮ በኩል አልፎ ወደ ኮይሉ ይገባል። ከኮይሉ ወጥቶ በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ባለችው ፑንቲና በኩል ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ብረት ይሄዳል። ፑንቲናዋ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ በር ናት። ተዘግታ ሳለ ኮይሉ ይሞላል፤ በተከፈተች ቅጽበት ኮይሉ የያዘውን ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ያ 12 ቮልት የነበረው ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ይሆናል። ይህ ኃይል በወፍራሙ ገመድ ወደ ዲስትሪቢውተሩ ክዳን ይገባል፤ በውስጡ የምትሽከረከረው ሮተር ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ ታድላቸዋለች። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በየሰከንዱ 100 ብልጭታ ይፈልጋል። ያች ትንሽ በር በሰከንድ መቶ ጊዜ ትከፈታለች ማለት ነው። ብታረጅ አይፈረድባትም።

ከፑንቲናዋ ጎን ደግሞ አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል የቆርቆሮ ጣሳ አለች፤ ኮንደንሰር ትባላለች። ስለ እርሷ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ መኪናችሁ እምቢ ስትል መጀመሪያ ጆሮአችሁን ተጠቀሙ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ጨርሶ ዝም ካለ፣ ወይም “ጠቅ” ብሎ ከቆመ፣ ወይም እንደ ደከመው ሰው እያቃሰተ ካዞረ፣ ነገሩ የካንዴላ አይደለም። የፊት መብራት አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ባትሪው ደክሟል፤ አለዚያም ማሰሪያዎቹ ላልተዋል ወይም ነጭ ዱቄት በልቷቸዋል። መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ዝም ካለ ደግሞ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ሽቦ ጠርጥሩ። በቮልስ ይህ ሽቦ ከፊት እስከ ኋላ ስለሚሄድ ረጅም ነው፤ ሲያረጅ ኃይል ይበላል፤ በተለይ ሞተሩ ሲግል “ጠቅ” ብቻ ማለት ያመጣል። አሮጌ መኪና በግፊ የምትነሳ ከሆነች ይህ ራሱ ምልክት ነው፤ ባትሪው፣ ማሰሪያው ወይም ሞተሪኖው ተጠርጣሪ ነው። ወደ ማሳ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ገመድም አትርሱት። ብዙ ደኅና ባትሪ በእርሱ ምክንያት ተጥሏል። ቴስተር ያለው ሰው ቢገኝ፣ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩ ተነስቶ ሲሠራ 14 አካባቢ ካልደረሰ ዲናሞው አይሞላም።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልተነሳ ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ እሳት አለ ወይስ የለም? ይህን ለማወቅ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ቁልፏ ከፊት ነው፤ ቁልፍ የሚያዞረው ብልጭታውን አያይም፣ ብልጭታውን የሚያየው ቁልፍ አይደርስበትም። ያን ቅዳሜ ሾፌሩ ባለቤቴን ከመሪው ኋላ አስቀመጧት፤ እኔን ወደ ሞተሩ ጠሩኝ። ለሳምንታት በመኪናዋ ጉዳይ ያልተነጋገርን ሰዎች “አዙሪ!”፣ “ቁሚ!”፣ “ምን አየህ?” እየተባባልን መጮኽ ጀመርን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ። የቤንዚን ሽታ ወይም የሚንጠባጠብ ቱቦ ካለ ግን ፈጽሞ አትጀምሩ፤ ብልጭታ እየፈለጋችሁ ነውና። አንዱን የካንዴላ ገመድ ንቀሉ፤ ካንዴላውን ፍቱና ከገመዱ ጋር መልሳችሁ አያይዙት፤ የካንዴላውን ብረት ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ አድርጋችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት። በባዶ እጅ አትያዙት፤ ፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ወይም በደረቅ ወፍራም ጨርቅ ይሁን። የልብ ምት መሣሪያ በደረቱ ያለው ሰው ይህን ሥራ አይሞክር። ከዚያ ሌላው ሰው ለጥቂት ሰከንድ ቁልፉን ያዙር። ጠቅ ጠቅ የሚል ወፍራም ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ እሳቱ ደኅና ነው፤ ወደ ቤንዚኑ ዙሩ። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ደካማ ነው። ምንም ከሌለ መንገዱን ወደ ኋላ መከተል ነው።

የእኛ ምንም አልነበረውም። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የተረጋገጠ ነገር አወቅን። ሾፌሩም በቃ አላሉም። ከኮይሉ ወደ ክዳኑ የሚሄደውን የመካከለኛውን ወፍራም ገመድ ከክዳኑ ነቀሉና ጫፉን ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አራቁት። እዚህ ላይ ጥሩ ብልጭታ ቢኖር ኖሮ ጥፋቱ ከክዳኑ፣ ከሮተሩ ወይም ከገመዶቹ ይሆን ነበር። በዚህም የለም። ስለዚህ ክዳኑን፣ ሮተሩንና አራቱን ገመዶች ነፃ አወጣናቸው።

ቀጥሎ ከመሣሪያ ሣጥናቸው የፍሬቻ አምፖል አወጡ፤ ሁለት ሽቦ የተበየደባት ናት። እንዲህ ያለች መሞከሪያ አምፖል ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራት ይችላል። ቁልፉ በርቶ ሳለ አንዱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት፣ ሌላውን 15 ተብሎ ከተጻፈበት የኮይሉ ጫፍ ጋር አስነኩ፤ አምፖሏ በራች። ከቁልፉ የሚመጣው ኃይል አለ ማለት ነው። ባትበራ ኖሮ ጥፋቱ ከኳድሮው ወይም ከሽቦው ነበር። ቀጥሎ ወደ ፑንቲናው የሚሄደው ሽቦ ወደ ታሰረበት፣ ቁጥር 1 ወደሚለው ጫፍ አዛወሯትና “አዙሪ!” አሉ። አምፖሏ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

ይህን ቦታ ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ብዙ ገንዘብ የሚተርፈው እዚህ ነው። ሞተሩ ሲዞር አምፖሏ ብልጭ ድርግም ካለች ፑንቲናዋ እየከፈተችና እየዘጋች ነው። ሳታቋርጥ ከበራች ፑንቲናዋ እየዘጋች አይደለም፤ ቆሽሻለች ወይም ክፍተቷ ሰፍቷል። ጨርሶ ካልበራች ፑንቲናዋ አትከፈትም፣ ወይም ሽቦው የሆነ ቦታ ከብረት ጋር ተነካክቷል፣ ወይም ኮይሉ ከውስጡ ተቆርጧል። አንዲት አምፖል ይህን ሁሉ ትናገራለች።

የእኛ ብልጭ ድርግም ብላለች፤ ኃይል አለ፤ ፑንቲና ይሠራል፤ ነገር ግን ከኮይሉ የሚወጣ እሳት የለም። የቀሩት ተጠርጣሪዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ኮይልና ኮንደንሰር። ኮይሉ አዲስ ነው። ሾፌሩ ክዳኑን አነሱና ባለቤቴ ስታዞር ፑንቲናዋን አሳዩኝ፤ በከፈተች ቁጥር በከንፈሮቿ መካከል ደማቅ እሳት ይፈነጥቃል። ከንፈሮቿም ጠቁረዋል። “እሳታችሁ አልጠፋም፤ የተሳሳተ ቤት እያደረ ነው” አሉኝ።

የኮንደንሰር ሥራ ይህ ነው። ፑንቲናዋ ስትከፈት የኤሌክትሪኩ ፍሰት መቆም አይፈልግም፤ ክፍተቱን ዘሎ መሄድ ይሻል። ኮንደንሰሯ ያን ጊዜ ፍሰቱን ወደ ራሷ ትቀበለዋለች፤ ስለዚህ በኮይሉ ውስጥ ያለው ይዞታ ባንዴ ይቆረጣል፤ ባንዴ ሲቆረጥ ነው ትልቁ ቮልት የሚወለደው። ኮንደንሰሯ ከታመመች ግን ኃይሉ በፑንቲናዋ ላይ ይባክናል፤ ለካንዴላው አይተርፍም። ብዙ ጊዜም የምትታመመው ስትግል ነው፤ ስትበርድ ውስጧ ይገጥማል፣ ስትግል ይለያያል። ኮይልም እንዲሁ ሲግል የሚከዳበት ጊዜ አለ። ሁለቱ ሲጠረጠሩ ግን ርካሿን አስቀድሙ።

ሾፌሩ ከሣጥናቸው ግርጌ አንድ የቆየ የፊያት ኮንደንሰር አወጡ። ሰውነቱን በኮይሉ ማሰሪያ ብሎን ከብረት ጋር አጠበቁት፤ ሽቦውን ቁጥር 1 ላይ አሰሩት። የቮልስ አይደለም፤ ግን የእነዚህ የአሮጌ ቤንዚን መኪኖች ኮንደንሰሮች መጠናቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ለመንገድ ያደርሳል። (የታመመችው ውስጧ ተለያይቶ ከሆነ እንዳለች ብትቀመጥ ግድ የለም፤ ከብረት ጋር ተነካክታ ከሆነ ግን ሽቦዋ ካልተነቀለ ሌላው አይረዳም።) “አዙሪ ልጄ” አሉ። ሞተሩ ትኩስ እንደ ሆነ፣ ሃያ ደቂቃ ሳንጠብቅ፣ በመጀመሪያው ዙር ተነሳ። ባለቤቴ ከመሪው ኋላ ወጥታ ወደ ሞተሩ መጥታ ያችን ጣሳ አየቻትና “ይህች ናት?” አለች። ከገዛናቸው ዕቃዎች ሁሉ ርካሿ ሳትሆን አትቀርም ነበር፤ እርሷን ግን አልገዛናትም። ሰውዬው ገንዘብ አልቀበል አሉን። ባለቤቴ ለመንገድ የያዘችውን ዳቦ ሰጠቻቸው፤ ግማሹን ቆርሰው መለሱልን።

ቆርቆሮው በዚያ ክረምት አልተቀየረም። ወጥ ቤታችን እስከ መስከረም ድረስ እያፈሰሰ ከረመ፤ በዚያች ድስት በሚቀመጥባት ጥግ ውኃ ጠብ ባለ ቁጥር እኔ ነኝ ባልዲ የማቀርበው።

ስለ ክረምት ካነሳሁ አይቀር፣ እንደ አሶሳ ባለ ዝናቡ ብዙ ወራት በሚዘልቅበት አገር ሌላ ዓይነት ሕመም አለ። ማታ ደኅና የገባች መኪና ጠዋት ሞተሪኖው እያዞረ አትነሳም። ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፤ ላብ ይዞት ታገኙታላችሁ። በደረቅ ጨርቅ ክዳኑን፣ ሮተሩንና ወፍራም ገመዶቹን ጥረጉ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በክዳኑ ውስጥ በእርሳስ የተሰመረ የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ካያችሁ ግን መጥረግ አይረዳም፤ እሳቱ ራሱ ያበጀው አቋራጭ መንገድ ነውና ክዳኑ ይቀየር። ገመዶቹን ስትነቅሉ የቱ ከየት እንደ ሆነ በፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው። የቮልስ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ የላዳ 1፣ 3፣ 4፣ 2። ገመድ የተዛነቀባት መኪና ጤነኛ ሆና ሳለ አትነሳም፤ ብትነሳም በማርሚታዋ ትተኩሳለች።

ፑንቲናዋ ከቆሸሸች በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽዷት፤ ዱቄቱን በንጹሕ ወረቀት ጥረጉ። ሙሉ በሙሉ ስትከፈት ክፍተቷ በቮልስም በላዳም 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መለኪያ በሌለበት መንገድ ላይ ጠንከር ያለ የስም ካርድ ለጊዜው ያገለግላል፤ ከተማ ስትደርሱ ግን በትክክል አስለኩ፤ ክፍተቱ ሲለወጥ እሳቱ የሚወጣበት ሰዓትም ይለወጣል። ፑንቲናውን አስወጥተው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያስገጥሙ አሉ። መልካም ነው፤ አያልቅም፣ አይስተካከልም። እኔ ግን ከከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው አልመክረውም። ፑንቲና ከመሞቷ በፊት ታስጠነቅቃለች፣ በወረቀትም ትድናለች፤ ያኛው ሲሞት የሚደረግ ነገር የለም። ካስገጠማችሁም አሮጌዎቹን ዕቃዎች አትጣሏቸው።

ካንዴላ ፈትታችሁ ስታዩ ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከሸፈነው ቤንዚን በዝቶበታል፤ ቅባት ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። አሶሳ የተስተካከለች ባለ ካርቡሬተር መኪና ከ2,300 ሜትር በላይ ወደ ሆነችው አዲስ አበባ ስትወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ካንዴላዋ መጥቆሩ አይደንቅም፤ ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት ካርቡሬተሩን አስተካክሉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን አብርታችሁ ለረጅም ጊዜ አትተዉት፤ ፑንቲናዋ ተዘግታ ከቆመች ኮይሉ እየጋለ ይቃጠላል። ልጆች ሬዲዮ ሊሰሙ ቁልፍ ካበሩ ይህ ይደርሳል። ሁለተኛው የቮልስ ባለቤቶችን የሚመለከት ነው። ባትሪው ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። መክደኛው ከጠፋ፣ ሰው ሲቀመጥበት የመቀመጫው ሽቦ ወደ ታች ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካና መቀመጫው ሊቀጣጠል ይችላል። ልጆቻችሁ የሚቀመጡት እዚያው ላይ ነው። ዛሬውኑ መቀመጫውን አንስታችሁ እዩ፤ መክደኛ ከሌለ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ቁረጡና አልብሱት።

በመሣቢያው ውስጥ የሚቀመጡት ጥቂት ናቸው፤ አንድ ኮንደንሰር፣ አንድ ፑንቲና፣ አንድ ሮተር፣ ያች ሁለት ሽቦ ያላት አምፖል፣ ካቻቢቴ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ደረቅ ጨርቅ። ኮንደንሰር ስትገዙ አዲስ ስለሆነ ብቻ ደኅና ነው ብላችሁ አታስቀምጡት፤ መኪናዋ ላይ ገጥማችሁ አንድ ሳምንት ንዱበት፤ ከሠራ የቀድሞውን መልሱና እርሱን ለመጠባበቂያ አኑሩት። እኛ ቤት ያችን አምፖል የምትይዘው ባለቤቴ ናት። እኔ ቁልፍ አዞራለሁ።